«ወንድማማች ናቸው» ብሎ ማለፍ ይበቃል? ስለ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ግንኙነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይቻለሁ። አጻጻፉ ለዛ አለው። ይዘቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ደም ናቸው፤ ቋንቋቸው ስለሚቀራረብ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ፊንላንድ በክፉ ቀን ሁሉ ከታናሽ እህቷ ጎን ቆማለች። ንግዳቸው ከመጠጥና ከርካሽ ጉልበት አያልፍም። የፊንላንዷን ሔልሲንኪንና የኢስቶኒያዋን ታሊንን የሚያገናኘው የባሕር ሥር ዋሻ በቅርቡ እውን ይሆናል። የጸጥታ ትብብራቸው ደግሞ የዩክሬን ጦርነት ያመጣው ነው፤ ኢስቶኒያም በፊንላንድ ጥላ ሥር ተጠልላለች።

ሲነበብ ደስ ይላል። ያላሳመነኝ ጸሐፊው ሁሉንም ነገር በዝምድና ሊፈቱት መሞከራቸው ነው። ዝምድናው አለ፣ አልክድም። ግን መርከቡን ያመላለሰው፣ ገመዱን የዘረጋው፣ ሲብስም ሁለቱን ያኮራረፈው ሂሳብ ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ»

ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች መሆናቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ ኢስቶኒያኛ ተምሮ የማያውቅ ፊንላንዳዊ የታሊን ጋዜጣ ቢያነሳ ከአርዕስቱ ብዙም አይዘልቅም። ሃንጋሪኛም እዚያው የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ሔልሲንኪና ቡዳፔስትን ግን ማንም እንዲህ አያጣምራቸውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? በሔልሲንኪና በታሊን መካከል ያለው ባሕር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ከሚያስኬደው መንገድ ያንሳል።

ብዙ የታሊን ሰው ፊንላንድኛ የተማረው ከአያቶቹ አይደለም፤ ጣራው ላይ ከሰቀለው አንቴና ነው። በሶቪየት ዘመን የፊንላንድ ቴሌቪዥን ሥርጭት ባሕሩን ተሻግሮ ሰሜን ኢስቶኒያ ይደርስ ነበር። የሶቪየት ቴሌቪዥኖች ሥርጭቱን በትክክል እንዲያሳዩ የኤሌክትሮኒክስ ነገር የሚገባቸው ሰዎች ትንሽ መቀየሪያ እቤታቸው እየሠሩ ይገጥሙ ነበር። ፊንላንድ የውጭ ፊልሞችን በራሷ ድምፅ አትሸፍንም፤ ከሥር ጽሑፍ ታወጣለች። ስለዚህ የታሊን ልጆች የአሜሪካን ተከታታይ ድራማ እያዩ ፊንላንድኛ አነበቡ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ታርቱ ሲወርዱ ሥርጭቱ ይደክማል፤ ፊንላንድኛውም አብሮ ይደክማል። ደሙ በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው። የተለያየው የአንቴናው ነገር ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ለእኔ ግን ከቋንቋው በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። የሁለቱ አገሮች ብሔራዊ መዝሙር ዜማው አንድ ነው። የደረሰው የሃምቡርግ ተወላጁ ፍሬድሪክ ፓሲየስ ሲሆን ዘመኑም 1848 ነው። ሶቪየቶች የኢስቶኒያን መዝሙር ከለከሉ። የፊንላንድን ማን ይከለክላል? የፊንላንድ ጣቢያ ሥርጭቱን ሲዘጋ መዝሙሩን ያሰማል። ታሊን ያለው ሰው የተከለከለውን ዜማ ከጎረቤት አገር ይሰማል፣ ከዚያ ይተኛል።

«በክፉ ቀን ሁሉ ከጎኗ ቆማለች»

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር በጣም የምለያየው።

በ1919 ኢስቶኒያ ለነፃነቷ ስትዋጋ ከ3,000 የሚበልጡ ፊንላንዳውያን በጎ ፈቃደኞች ባሕሩን ተሻግረው አብረው ተዋግተዋል። ይህ የጸሐፊው ምርጥ ማስረጃ ነው፤ እውነትም ነው። የቆሙት ግን እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው እንዲህ የሚያኮራ አይደለም።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1939 ኢስቶኒያ በሶቪየት ግፊት ለቀይ ጦር የጦር ሰፈር ፈቀደች። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 30፣ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች። ፊንላንድን ከደበደቡት የሶቪየት ቦምብ ጣዮች መካከል ከኢስቶኒያ መሬት የተነሡ ነበሩበት። የኢስቶኒያ መንግሥት እምቢ የማለት አቅም አልነበረውም። በፊንላንድ ከተሞች ላይ የወረደው ቦምብ ግን ከ«ወንድም» አገር ነው የመጣው። በሚቀጥለው ዓመት ኢስቶኒያ ራሷ ተዋጠች። ፊንላንድም የራሷን ቁስል ታስታምም ስለነበር ዳር ቆማ አየች።

ከዚያ በጀርመን ወረራ ጊዜ የኢስቶኒያ ወጣቶች የጀርመንን ምልመላ እየሸሹ በጀልባ ወደ ፊንላንድ ተሻገሩ። ፊንላንድ እነሱን ይዛ 200ኛው እግረኛ ሬጅመንት የሚባለውን አቋቋመች። መፈክራቸው «ለፊንላንድ ነፃነትና ለኢስቶኒያ ክብር» የሚል ነበር። የሚያምር መፈክር ነው። በሴፕቴምበር 1944 ግን ፊንላንድ ከሞስኮ ጋር የተኩስ አቁም ተፈራረመች። እዚያ የቀሩት ኢስቶኒያውያን ስደተኞች «ዛሬ ነገ ለሶቪየት አሳልፈው ይሰጡናል» ብለው ፈሩ። ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ስዊድን ገቡ።

የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። ፊንላንድ በ1948 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማለች። ነፃነቷ የሚጠበቀው ክሬምሊንን ባለማስቆጣት ነው። ፕሬዚዳንት ኡርሆ ኬኮነን በ1964 ኢስቶኒያን ጎበኙ፤ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ላይ በኢስቶኒያኛ ንግግር አደረጉ። ለሰሚው ትልቅ ነገር ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1965፣ የሔልሲንኪና የታሊን የመርከብ መስመር እንደገና ተከፈተ። ስለ ነፃነት ግን ከሔልሲንኪ ቤተ መንግሥት ጮክ ብሎ የተነገረ ነገር አልነበረም።

የዚያን ዘመን ግንኙነት ማየት የሚፈልግ ቪሩ ሆቴልን ይመልከት። ታሊን መሃል የቆመውን ይህን ሕንፃ የሠራው የፊንላንድ ተቋራጭ ነው። በ1972 ተከፈተ። ምንዛሪ የሚያመጡት የፊንላንድ ቱሪስቶች እዚያ ያርፋሉ፤ የሶቪየቱ የስለላ ድርጅት ኬጂቢ ደግሞ ክፍሎቹን ያዳምጣል። ሊፍቱ 22 ፎቅ ብቻ ነው የሚያሳየው። 23ኛው ላይ የኬጂቢ የሬዲዮ ክፍል ነበር፤ በሩ ላይ በሩሲያኛ «እዚህ ምንም የለም» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ሙዚየም ነው። ገንዘቡም፣ መጠጡም፣ ስለላውም አንድ ጣራ ሥር ነበር።

1991 ላይ እንምጣ። ጸሐፊው «ፊንላንድ ቀድማ ደረሰች» ይላሉ። ኢስቶኒያ ኦገስት 20 ነፃነቷን መልሳ አወጀች። ኦገስት 22 እውቅና ሰጥታ የቀደመችው ትንሿ አይስላንድ ናት። ፊንላንድ የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን የመለሰችው ኦገስት 29 ነው። ለፍትሕ ሲባል መጨመር ያለበት አለ፦ ፊንላንድ በ1920 የሰጠችውን እውቅና መቼም አላነሳችም፤ ስለዚህ አዲስ እውቅና መስጠት አላስፈለጋትም። ፕሬዚዳንት ማውኖ ኮይቪስቶ ግን ሞስኮ ምን ትል ይሆን እያሉ ነበር እስከ መጨረሻው የሚራመዱት። ኢስቶኒያውያን በዚህ በጣም ቅር ተሰኝተዋል።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ ቢያልቅ እኔም ፊንላንድን እወቅስ ነበር። በኋላ እንደታወቀው፣ በአደባባይ አፉን የዘጋው ያ መንግሥት በባህል ትብብር ስም ገንዘብና ዕቃ ወደ ኢስቶኒያ ይልክ ነበር። በወረቀቱ ላይ የባህል ድጋፍ ነው። ውስጡ ግን ነገ መንግሥት ሊሆን ለተነሣ አገር የተደረገ እርዳታ ነው። ከቤተ መንግሥቱ የወጣ መግለጫ ብቻ ለሚያነብ ፊንላንድ ከሐዲ ትመስላለች። ፋይሉን ላየ ሰው ሌላ ናት። ይህን «ወንድማማችነት» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ለእኔ ታሪኩን ማሳነስ ነው። የኢስቶኒያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌናርት ሜሪ ይህን አካሄድ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በ1992 በሔልሲንኪ አምባሳደር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ፕሬዚዳንት።

«መጠጥና ርካሽ ጉልበት»

መጠጡ አለ፤ ማን ይክዳል? ፊንላንድ ውስጥ ጠንከር ያለ መጠጥ የሚሸጠው አልኮ በሚባለው የመንግሥት ሱቅ ብቻ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። ታሊን ወደብ ላይ አርብና ቅዳሜ የሚቆም ሰው ትዕይንቱን ያየዋል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ፣ በላዩ እስከ አገጭ የተደረደረ የቢራ ካርቶን፣ በላስቲክ ገመድ የታሰረ። ሁለት ሰዓት በመርከብ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ግን ይህ መጠጥ እንኳ ጸሐፊው እንደሚሉት ቀላል ነገር አይደለም። ኢስቶኒያ ሜይ 1 ቀን 2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ልትሆን ስትል ፊንላንድ ደነገጠች። ሰው ለራሱ የሚያመጣው መጠጥ ላይ የነበረው ገደብ ሊነሳ ነው። ሁሉም ታሊን ሄዶ ከሚገዛ ብላ በማርች 1 ቀረጧን በአማካይ በ33 በመቶ ቀነሰች። ውጤቱ? ሰው የበለጠ ጠጣ፤ በአልኮል የሚሞተውም በዛ። ጥቂት ዓመት ቆይታ ቀረጡን መልሳ መጨመር ጀመረች። የጎረቤት የዋጋ ዝርዝር የአንድን አገር የጤና ፖሊሲ እንዲህ ነው የሚያንገላታው።

የኢስቶኒያ ደግሞ ያስቃል። ከ2016 ጀምሮ በተከታታይ የመጠጥ ቀረጥ ጨመረች። ፊንላንዳዊው መምጣቱን ቀነሰ። ኢስቶኒያዊው ራሱ መኪናውን አስነሥቶ ላትቪያ ይገዛ ጀመር። ድንበር ላይ ያለችው ቫልጋ ከተማ ግማሿ ቫልካ ተብላ ላትቪያ ውስጥ ነች፤ መንገድ መሻገር ነው። በጁላይ 2019 ኢስቶኒያ የቢራና የጠንካራ መጠጥ ቀረጧን በ25 በመቶ አወረደች። ላትቪያም ዝም አላለችም፤ እሷም ቀነሰች። ጉድ እኮ ነው!

አሁን ደግሞ ያን የቢራ ካርቶን ገልበጥ አድርገን እንየው። ከታሊን ተጭኖ ከሚሄደው ውስጥ ኤ. ለ ኮክ የሚባል ቢራ አለ፤ ታርቱ ነው የሚጠመቀው። ባለቤቱ ከ1997 ጀምሮ ኦልቪ ነው፤ የፊንላንድ ኩባንያ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢሳልሚ። ፊንላንዳዊው በኢስቶኒያ ቀረጥ ገዛ፣ ትርፉ ግን ፊንላንድ ገባ። ይህን «የመጠጥ ቱሪዝም» ብሎ መዝጋት አይቻልም።

ሰውየውን ያሻገረው መርከብስ የማን ነው? ታሊንክ የኢስቶኒያ ኩባንያ ነው። በ2006 ሲልያ ላይንን ጠቅልሎ ገዛ። ሲልያ ፊንላንዳውያን ከስቶክሆልም ጉዟቸው፣ ከሠርግና ከእረፍታቸው ጋር ያያያዙት፣ የሚኮሩበት መርከብ ነበር። ወደ 1.3 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር ኩባንያ 5 ሚሊዮን ያላትን አገር ኩራት ሲገዛ ጸሐፊው «ርካሽ ጉልበት» ውስጥ የት ሊመድቡት ነው?

ስለ ሠራተኞቹ ግን ጸሐፊው ያነሱት ሐቅ አለው። ፊንላንድ በ2006 የሥራ ገበያዋን ለአዲሶቹ የኅብረቱ አባላት ስትከፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢስቶኒያውያን ሄዱ። ግንበኛ፣ ነርስ፣ የአውቶቡስ ሹፌር። ሰኞ ጠዋት በመርከብ የሚሄድ፣ አርብ ማታ የሚመለስ አባት የብዙ ቤት ታሪክ ሆነ። ሐኪሞችም ስለሄዱ የኢስቶኒያ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። የፊንላንድ የሠራተኛ ማኅበራትም ደሞዛችን ወረደ ብለው ጮኹ። በ2012 በግንባታ ቦታ የሚሠራ ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ የሚለጥፈው መታወቂያ የግብር ቁጥር እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ወንድምም ቢሆን ግብሩን ይክፈል ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ የኢስቶኒያ ደሞዝ ስላደገ ወደ አገሩ የሚመለሰው እየበዛ መጥቷል።

ደግሞ ትምህርቱ ሁልጊዜ ከትልቁ ወደ ትንሹ አይሄድም። ኢስቶኒያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የመረጃ ቋቶች የሚያናብበውን ኤክስ-ሮድን በ2001 ሥራ ላይ አዋለች። ፊንላንድ ከእሷ ወሰደች። በዲሴምበር 2013 ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አንድሩስ አንሲፕና ዩርኪ ካታይነን፣ የትብብር ሰነዱን በዲጂታል ፊርማ ፈረሙት፤ እስክሪብቶ የያዘ የለም። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ፊንላንድ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አንድ ሰው ታሊን ፋርማሲ ገብቶ መታወቂያውን ብቻ አሳይቶ ይወስዳል። ወረቀት የለም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። የጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

«ዋሻው በቅርቡ»

ይህን ቶሎ ልለፈው። በ2018 የወጣው የሁለቱ ወገን ጥናት የባቡር ዋሻው ከ13.8 እስከ 20 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚፈጅ ገምቷል። በጎን ደግሞ ፊንላንዳዊው የንግድ ሰው ፒተር ቬስተርባካ በቻይና ገንዘብ እሠራዋለሁ፣ በ2024 የገና ዋዜማ ባቡር ይገባበታል ብለው ነበር። የኢስቶኒያ መንግሥት በ2020 የግል ዕቅዱን አልቀበልም አለ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና የጸጥታው ነገር አላማረውም። በ2021 ሁለቱ መንግሥታት በትራንስፖርት አብረን እንሥራ፣ ዋሻውንም እናጥና የሚል ሰነድ ፈርመዋል። ያለው ይኸው ነው። የ2024 የገና ዋዜማ መጣ፣ ሄደ። አንድ አካፋ አፈር አልተነሣም።

«በፊንላንድ ጥላ ሥር»

ኔቶን በተመለከተ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ኢስቶኒያ በ2004 ገባች። ፊንላንድ የገባችው ኤፕሪል 4 ቀን 2023 ነው። 19 ዓመት ሙሉ ታናሽየዋ ውስጥ፣ ታላቅየዋ ደጅ ነበሩ። ስለ ሩሲያ ኢስቶኒያ ስታስጠነቅቅ ሔልሲንኪ ብዙ ጊዜ «እነዚህ ሰዎች አበዙት» ትል ነበር።

የሩሲያን ጋዝ በባልቲክ ባሕር ሥር ወደ ጀርመን ለመውሰድ የተዘረጋው ቧንቧ፣ የኖርድ ስትሪም፣ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በ2007 ቧንቧው በኢስቶኒያ በኩል እንዲያልፍ የባሕሩን ወለል እናጥና ሲባል ኢስቶኒያ ከለከለች። ቧንቧው በፊንላንድ የኢኮኖሚ ቀጣና አልፎ ተሠራ። ፊንላንድ ነገሩን የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ብላ ፈቀደች፤ ለሁለተኛውም ቧንቧ በ2018 ፈቃድ ሰጠች። ታሊን ውስጥ ይህ ተረስቷል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል።

2022ም ያለ ኩርፊያ አላለፈም። የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ ሁለቱ አገሮች ፈሳሽ ጋዝ የሚቀበል ተንሳፋፊ ጣቢያ በጋራ ለመከራየት ተስማሙ። ኢስቶኒያ ፓልዲስኪ ላይ የመርከቡን ማቆሚያ ተጣድፋ ሠራች። መርከቡ ግን ፊንላንድ ኢንኮ ገባ። ኢስቶኒያውያን «ተበላን» አሉ። መርከቡ ያወረደው ጋዝ ለኢስቶኒያ የሚደርሰው ባልቲክኮኔክተር በሚባለው የባሕር ሥር ቧንቧ ነው። እሱ ሥራ የጀመረው በ2020፣ ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ገመድ ኢስትሊንክ ደግሞ በ2006 ተዘረጋ፤ ሁለተኛው በ2014። ጦርነቱ ያገኛቸው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ገመድና ቧንቧው ደግሞ መከራ አላጣውም። ኦክቶበር 8 ቀን 2023 የአንድ መርከብ መልሕቅ የጋዝ ቧንቧውን ቀደደው፤ እስከ ኤፕሪል 2024 ተዘጋ። ዲሴምበር 25 ቀን 2024፣ ዋሻው ሊመረቅ በተባለበት ማግስት ማለት ነው፣ ኢግል ኤስ የተባለ ከሩሲያ ወደብ ነዳጅ የጫነ መርከብ ኢስትሊንክ 2ን ቆረጠው። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው መልሕቁን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ጎትቷል። የፊንላንድ ኃይሎች በሄሊኮፕተር ወርደው መርከቡን ያዙት። ገመዱ የተጠገነው በ2025 አጋማሽ ነው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የሔልሲንኪ ፍርድ ቤት ድርጊቱ የተፈጸመው ከግዛት ባሕራችን ውጭ ስለሆነ የመዳኘት ሥልጣን የለኝም ብሎ በካፒቴኑና በሁለቱ መኮንኖች ላይ የቀረበውን ክስ ዘጋው። የደረሰው ጉዳት በትንሹ 60 ሚሊዮን ዩሮ ተብሎ ነበር። ገመዱ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያስተዳድሩት የፊንላንዱ ፊንግሪድና የኢስቶኒያው ኤሌሪንግ የጋራ ንብረት ስለሆነ ሂሳቡም የጋራ ነው።